የአባቷ ግራ ጆሮ ፍለጋ

ብሎን ይሏታል። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን መታወቂያዋን ካላሳየች በቀር ያንን ስም የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም። ቅጽል ስሙ የወጣላት በልጅነቷ ነው። አንድ ቀን የመኝታ ቤቱን በር እጀታ ፈታታችና መልሳ መግጠም ሲያቅታት፣ የተረፈችውን ብሎን ምላሷ ሥር ደብቃ ራት ላይ ቀረበች። እናቷ "ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?" ስትላት ከንፈሯን ገጥማ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። በዚያ ቤት የእሷ ዝም ማለት በራሱ የወንጀል ማስረጃ ስለነበር አፏን አስከፍተው ብሎኗን አወጡ። አሁን አርባዎቹን አጋምሳለች፣ አግብታለች፣ ግንባሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል። ስሙ ግን አልለቀቃትም፤ እሷም ብትሆን ጠልታው አታውቅም።

ሥራዋ ሊፍት መጠገን ነው። ሰው ሁሉ ቁልፍ ተጭኖ የሚገባበትን ሳጥን እሷ ከላይም ከታችም ታውቀዋለች። ጣሪያ ላይ ካለው የሞተር ክፍል እስከ ታችኛው ጉድጓድ ድረስ፣ ግሪስ የጠጣ ቱታዋን ለብሳ ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች። በዚህ ሥራ ብዙ ስለቆየች ስለ ሰው ልጅ የራሷ አስተያየት አላት። ቁልፉን አንዴ ተጭኖ የሚጠብቅ ሰው ለትዳር ይሆናል ትላለች፤ ደጋግሞ የሚነዘንዘውን ግን ለጉርብትናም አትመኘው። ባሏን ያገኘችው ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሮ ነው። በሩን በብረት ፈልቅቃ ስትከፍተው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል። "ትንሽ ብትቆዪ እጨርሰው ነበር" አላት። ዛሬም አስተማሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ስለሚውል ቤት ሲገባ የሚፈልገው ዝምታ ብቻ ነው።

ለዚህ ታሪክ መነሻ የሆነችውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቤት ያስገባባትም ይኸው የሊፍት ሥራ ነው። ዱሮ የሊፍት መቆጣጠሪያ ቁም ሣጥን ያህል ቦታ የሚይዝ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ብረታ ብረት ነበር። አሁን መዳፍ የማትሞላ ሰሌዳ ሁሉንም ታዛለች። ብሎን የተበላሸውን አውጥቶ አዲሱን መግጠም ብቻ አላጠገባትም። ሰሌዳዋ ላይ የተለጠፈችው ጥቁር ቺፕ እንዴት እንደምታስብ ሳታይ የምትተኛ ሴት አይደለችም። ስለዚህ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቤት አንዲት አውራ ጣት የምታህል ማይክሮኮንትሮለር ገዝታ መጣች፤ ይኸውም የጻፉላትን ትእዛዝ የምትፈጽም፣ ብሉቱዝም ያላት ትንሽዬ ኮምፒውተር ናት። የክብሪት ቀፎ የሚያህል ስክሪን በየደችላት፣ ከአሮጌ ስልክ ባትሪ አወጣችላት፣ ሁሉንም ክዳን ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተተችው። ባሏ ከፈተናው ወረቀት ቀና ብሎ አየና "ሳሙናውስ?" አለ።

"የምትታጠብበት አይደለም። በአካባቢያችን ያለውን የብሉቱዝ ዕቃ ሁሉ የምታዳምጥልኝ ናት" አለችው።

"እኛ ቤት ያለው እኮ ሁለት ስልክ ነው።"

እሷም የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። ፕሮግራሙን ጭና ስታበራት ግን ስክሪኗ ላይ መስመር በመስመር መውረድ ጀመረ፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ስክሪኑ ሞልቶ ወደ ላይ ይሸሽ ጀመር። ብሎን መነጽሯን አስተካክላ ተጠጋች። ባዶ ነው ብላ የተቀመጠችበት ሳሎን ለካ የገበያ ቀን ሆኖ ኖሯል። የጎረቤት የእጅ ሰዓት፣ የአንዱ ማዳመጫ፣ የሌላው በር ቁልፍ፣ አምፖል፣ የጥርስ ብሩሽ ሳይቀር። እነዚህ ዕቃዎች ባትሪያቸው ትንሽ ነው፤ በዚያች ባትሪ ብዙ ወራት መክረም ስላለባቸው አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፋሉ። ለቅጽበት ይነቁና አጭር መልእክት ወደ አየር ይለቃሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። መልእክቱ ሲጨመቅ "እኔ እንትና ነኝ፣ አለሁ" ከማለት አያልፍም። ማንም ሳይጠራቸው፣ ማንም ይስማ አይስማ ሳያውቁ፣ ቀንም ሌሊትም አለሁ ይላሉ።

በየመስመሩ ጫፍ ደግሞ የጥሪው ጉልበት በቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። አርባ ከሆነ ዕቃው አጠገብህ ነው፣ ሰባ ከሆነ ከግድግዳው ማዶ፣ ዘጠናን ካለፈ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ነው። ይህንን ለባሏ ልታስረዳው ብትሞክር "እኔ ቁጥር ከዜሮ በታች ሲወርድ የማውቀው ተማሪው መውደቁን ነው" ብሎ ገላገላት። እሷ ግን ተያዘች። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ የሳሙና ዕቃዋን ታነሳለች። ስልኮች ማንም እግር በእግር እንዳይከታተላቸው አድራሻቸውን በየጊዜው እንደሚለዋውጡ ስላላወቀች፣ አንድ ምሽት "ቤታችን እንግዳ ሰው አለ" ብላ ከክፍል ክፍል ስትዞር ቆይታ እንግዳው የባሏ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በየማለዳው ለአፍታ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነገር አስጨነቃት። ብዙ ካሰላሰለች በኋላ ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ነጋዴ የሚወጣበት ሚዛን መሆኑን ደረሰችበት። ሚዛኑ ሰው ካልቆመበት አይናገርም። ከዚያ ወዲያ ነጋዴውን ደረጃ ላይ ባገኘችው ቁጥር ሆዱን ላለማየት ስትታገል ሰላምታው ይምታታባታል። "ይህ የሰው ጓዳ ነው፣ ኋላ ጉድ ታፈያለሽ" አላት ባሏ። እሷም የሰማችውን ለማንም ላትናገር ለራሷ ማለች።

አባቷ የሚኖሩት እነሱ ጋ ነው። እናቷ ካረፈች በኋላ የኋላውን ክፍል አዘጋጅታላቸው፣ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥናቸውን በራሷ ሊፍት አሳፍራ አምጥታቸዋለች። አባቷ ዕድሜያቸውን የፈጁት ማተሚያ ቤት፣ እንደ ባቡር የሚጮህ ትልቅ ማሽን ሥር ቆመው ነው። ጡረታ ሲያስወጣቸው ማሽኑ ጆሮአቸውን አስቀርቶ ነበር። ለብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሰማው ከእሳቸው ክፍል የሚያንባርቀው ቴሌቪዥን ብቻ ሆነ። ሰው ሲያናግራቸው ፈገግ ብለው "አዎ፣ አዎ" ይላሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ ወይ ቢሏቸውም አዎ ነው፣ አሞዎታል ወይ ቢሏቸውም አዎ ነው። ብሎን ይህ አዎ እያደር አንጀቷን በላት። ለምና፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻም ክንዳቸውን ይዛ የጆሮ ሐኪም ጋ ወሰደቻቸውና ሁለት የመስሚያ መሣሪያ ተገጠመላቸው። ግራጫ ናቸው፣ ባቄላ ያህላሉ፣ ከጆሮ ጀርባ ይቀመጣሉ፣ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ይልካሉ።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ አባቷ ኮሪደሩ ላይ ቆም አሉ። "ይሄ ቋ ቋ የሚለው ማነው?" አሉ። የገዛ ጫማቸው ነበር። ያን ዕለት ማታ ዳቦ ሲያኝኩ የራሳቸውን ጥርስ ሰምተው ሳቃቸው መጣ። ፍሪጁ እንደሚያጉረመርም፣ መጋረጃው ሲሳብ ድምፅ እንዳለው ለልጃቸውና ለባሏ እንደ አዲስ ወሬ ነገሯቸው። ሐኪሟ ግን አስጠንቅቃ ነበር። ጆሮ ሥራ ከፈታ አእምሮ ድምፅን እየረሳ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ቀኑን ሙሉ ያድርጉ፤ አንዱን ብቻ ካደረጉ የሌላው ጆሮ የቀረውንም ያጣዋል ብላለች። ብሎን ይህን እንደ ቃለ መሐላ ያዘችው።

መሣሪያዎቹ ብሉቱዝ አላቸው። ስልክ ካልተገናኛቸው እነሱም እንደሌላው ዕቃ አለሁ ይላሉ፤ አባቷ ደግሞ የያዙት ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ስልክ ነው። ብሎን ስክሪኗ ላይ ግራ እና ቀኝ ተብለው ጎን ለጎን ሲወጡ ባየች ጊዜ ደስታዋ ሌላ ነበር። ማታ ማታ ሳሎን ሆና ሰሌዳዋን ገረፍ ታደርግና ሁለቱም መኖራቸውን ታያለች። ከዚያም ወደ ኋላ ክፍል ጮኽ ብላ "አባዬ፣ ይሰማሃል?" ትላለች።

"ይሰማኛል" ይላሉ።

"ጎሽ" ብላ ወደ ሽቦዋ ትመለሳለች። ብዙውን ቀን የአባትና የልጅ ጨዋታ ከዚህ አይዘልም ነበር። ታዲያ ክፋት የለባትም፤ እሷ በልቧ ትልቁን ሥራ የጨረሰች መስሏታል። ሊፍቱ ከተጠገነ በኋላ ማን ወዴት እንደሚሳፈርበት የጥገና ሠራተኛ ጉዳይ አይደለም።

አንድ ቀን ማታ ስክሪኑ ላይ ቀኙ ብቻ መጣ። ብሎን ጠበቀች። ደገመች። ተነስታ ሄዳ የአባቷን ግራ ጆሮ ብታይ ባዶ ነው።

"አባዬ፣ ግራው የት ሄደ?"

"ምኑ?"

"ጆሮህ ላይ የነበረው።"

አባቷ እጃቸውን ወደ ጆሮአቸው ልከው ዳሰስ አደረጉ፤ ልክ አሁን እንደሰሙ ሰው። "እ... ወድቆ ይሆናል" አሉ።

"የት ነው የወደቀው?"

"የት እንደሆነ ባውቅ አነሳው ነበርኮ ልጄ።"

ቤቱ ተገለባበጠ። ፍራሽ ተነሳ፣ የኮት ኪስ ተገለበጠ፣ ባሏ ሳይቀር ከሶፋው ሥር በሆዱ ተኝቶ ገብቶ አቧራ ለብሶ ወጣ። የመስሚያው ነገር ውሃ በላው። አባቷ ከክፍል ክፍል እየተከተሉ "ተዪው፣ አንዱ ይበቃኛል" ይላሉ። ብሎን ግን ፈራች። ያ አዎ፣ አዎ ተመልሶ ሲመጣ፣ አባቷ ፊቷ ተቀምጠው እየራቁ ሲሄዱ ታያት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ፍለጋዋን ቀጠለች።

በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ወጥ ቤት ሳለች ሰሌዳዋ ላይ ግራ የሚል መስመር ብልጭ አለ። ዘጠና ሁለት። መስኮቱ ጋ ስትጠጋ ዘጠና ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። በማግስቱ እንደገና መጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ሄደ። የሚመጣና የሚሄድ ነገር። ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሚያስብ እንጃ፤ የሊፍት ሠራተኛ ግን የሚመጣና የሚሄድ ነገር ሲሏት የምታስበው አንድ ብቻ ነው። በሙያ ዘመኗ የሰው ቁልፍ፣ ጉትቻ፣ ቀለበት ሁሉ በበሩና በወለሉ መካከል ባለችው ክፍተት ሾልኮ ሲወድቅ አይታለች። "ሊፍቱ ላይ ነው!" ብላ ባሏን ከወንበሩ አስነሳችው። "ወይ ጣሪያው ላይ ወይ ከሥሩ ተለጥፎ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።"

የምትኖርበትን ሕንፃ ሊፍት የምትጠግነው እሷ ናትና ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋትም። በማግስቱ ሰው ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት ሊፍቱን አቆመች፣ መብራቱን በራሷ ቁልፍ ቆለፈች፣ "ጥገና ላይ" የሚል ወረቀት ለጠፈች። ነጋዴው እያለከለከ ደረጃውን ተያያዘው፤ ብሎን ሚዛኑ ነገ ጠዋት የምሥራች እንደሚነግረው እያሰበች ወደ ጉድጓዱ ወረደች። እታች ቁልፍ አገኘች፣ ሦስት እስክሪብቶ አገኘች፣ የሕፃን አንድ እግር ጫማ አገኘች፣ ባለቤቱ ያልፈለገው የሚመስል ፎቶግራፍም አገኘች። ሰሌዳዋን አበራች። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። በብረትና በኮንክሪት ተከቦ የዓለም ሁሉ ጫጫታ እዚያ አይደርስም። ተንበርክካ ትንሽ ቆየች፤ ይህን ያህል ባዶ ስክሪን አይታ አታውቅም ነበር። ከዚያ በሊፍቱ ጣሪያ ላይም፣ በሥሩም በባትሪ መብራት አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ምንም የለም።

ጥቁር ዘይት ተለቅልቃ አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ ሰሌዳዋ ኪሷ ውስጥ እንደበራች ነበር። ወጥ ቤት ገብታ እጇን ልትታጠብ ስታወጣት ግራ ዘጠና አንድ ተብሎ ተጽፎ ጠበቃት። ሊፍቱ እኮ በእሷ ቁልፍ ተቆልፏል።

"ሊፍቱ ላይ አይደለም" አለች። "ሰው ላይ ነው።"

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ አሰበ። "እንግዲህ ሌባ ከሆነ ለየት ያለ ሌባ ነው። የሰው ጆሮ ሰርቆ ምን ሊያዳምጥበት ነው?"

እሱ ቀለደ፤ እሷ ግን ሰው መጠርጠር ጀመረች። በዚያ ሰሞን ቧንቧ ሊሠራ የመጣውን ጠረጠረች። የበሩን ዘበኛም ጠረጠረች፤ ሰሌዳዋን ቦርሳዋ ውስጥ አብርታ ሁለት ጊዜ በፊቱ አለፈች። ምንም አልመጣም። በሦስተኛው ዘበኛው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላትና "እመቤት፣ ደክሞሽ ከሆነ አረፍ በይ" አላት። ብሎን ከአፈረችው ኀፍረት የተነሳ ተቀመጠች፤ ስለ ዝናቡ አወሩ።

የአባቷ የሐኪም ቀጠሮ እየቀረበ ሲሄድ ጭንቀቷ ባሰ። አባቷ ግን፣ ነገሩ ይገርማል፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ፊታቸው ፈካ ብሏል። ራት ላይ ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ። አንድ ቀን ሾርባቸውን እየጠጡ "የዱሮው አለቃችን ኮፍያው ማሽን ውስጥ የገባበት ቀን..." ብለው ጀመሩ። ባሏ ወረቀት ላይ ነበር፣ ብሎን ሰሌዳዋ ላይ ነበረች። "ይሰማሃል አይደል አባዬ?" አለች ቀና ሳትል። "ይሰማኛል" አሉና ኮፍያው ምን እንደሆነ ሳይናገሩ ሾርባቸውን ጨረሱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እምትሠራበት ሕንፃ መብራት ጠፋ። ያለ መብራት ሊፍት መጠገን ስለማይቻል ሥራ ፈታ በጊዜ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አባቷ በዚህ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ናቸው ብላ በጫማ ጫፏ ገባች። አልጋው ተነጥፏል፣ ሰው የለበትም። ነጠላ ጫማቸው ከበሩ ሥር ተደርድሮ መውጫ ጫማቸው የለም። ሰሌዳዋን ብታበራ ቀኙም የለም። ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሮጠች። እዚያ ግን ሁለቱም አሉ። ግራ ዘጠና፣ ቀኝ ዘጠና አንድ። እንደ ዱሮው ጎን ለጎን።

ደረጃውን በሩጫ ወርዳ በኋላው በር ወደ ግቢው ወጣች። በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ሰሌዳዋ አትናገርም፤ ቅርብና ሩቅ ብቻ ነው የምታውቀው። ብሎን ግን ከልምድ ያገኘችው ዘዴ ነበራት። የሰው ገላ ይህን ዓይነት ጥሪ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቀስ ብላ በቆመችበት ትዞራለች። ጀርባዋን ስትሰጠው ቁጥሩ ይደክማል፣ ፊቷን ስትሰጠው ይበረታል። እንዲህ ስትዞር ልብስ የሚያሰጡ ሁለት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው አዩአት። "ምን ጠፍቶሽ ነው እቴ?" አለች አንደኛዋ። "አባቴ" አለች ብሎን፣ መዞሯን ሳታቆም።

ቁጥሩ በብስክሌት ማቆሚያው በኩል በረታ። ሄደች። ሰማንያ፣ ሰባ አምስት። ግራና ቀኙ እኩል እየቀረቡ ነው። ከጎረቤቱ ሕንፃ የሚያገናኘውን ትንሽ በር አለፈች፣ ዞረች፣ ወደ ጄኔሬተሩ ክፍል ታጠፈች። ስድሳ። ግድግዳው ጥግ ስትደርስ ሰሌዳዋን ማየት አላስፈለጋትም። ሳቅ ሰማች። የአባቷ ሳቅ ነው፤ ግን እንዲህ ከአንጀታቸው ሲስቁ የሰማቻቸው እናቷ በሕይወት ሳለች ነው።

ከጥጉ አጮለቀች። አባቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ከሲታ፣ ረጅም ሽማግሌ አለ። ብሎን አወቀችው። በልጅነቷ ቤታቸው እየመጣ ጥቁር ጣቶቹን የሚያሳያት፣ ማሽኑን ቀለም የሚያጠጣው የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጋሽ ቀለም ይሉት ነበር። ጎረቤቱ ሕንፃ ውስጥ ልጁ ጋ መጥቶ መኖር መጀመሩን አባቷ አንድ ቀን የነገሯት መሰላት፤ ልብ አላለችውም ነበር። በግራ ጆሮው ጀርባ ግራጫ ባቄላ ተቀምጣለች። የአባቷ ቀኝ ጆሮ ጀርባ ላይም እንደዚያው። ግራና ቀኛቸውን አሰላልፈው፣ የሚሰማውን ጆሮ ለጓደኛ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

"ኮፍያውን ማሽኑ ሲበላው ምን እንዳለ ታስታውሳለህ?" ይላሉ አባቷ።

"'አንድ ገጽ አበላሽቷል፣ ድጋሚ ይታተም' አለ" ብሎ ጋሽ ቀለም ጉልበቱን መታ፤ ሁለቱም እንደገና ተንከተከቱ። የደነቆረ ሰው ሹክሹክታ አያውቅምና ንግግራቸው ለግቢው ሁሉ ይሰማ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ቀለም ጆሮውን ነካ አደረገ።

"ልመልስልህ ይሆን? ልጅህ መፈለጓን አልተወችም አላልከኝም?"

"ሊፍት አቁማ ጉድጓድ ገብታለች።"

"ንገራት እንግዲህ።"

"ወደቀ ብያት እንዴት ልበላት? ደግሞስ ምን አጠፋሁ። ያን ጊዜ እኔ እሰማሃለሁ፣ አንተ አትሰማኝም፤ ምኑን ጨዋታ ሆነ። አንድ ማሽን ነው ያደነቆረን፣ አንድ መስሚያ ቢስማማን አይገርምም።" አባቷ መሬት መሬቱን አዩ። "ሁለቱንም አድርጌ ቤት ስቀመጥ የምሰማው ፍሪጁን ነው። ልጄ መልካም ናት፤ ጆሮ ሰጥታኛለች፣ እግዜር ይስጥልኝ። የምትነግረኝ ግን የላትም። ይሰማሃል ወይ ትለኛለች፣ ይሰማኛል እላታለሁ። በቃ።"

ብሎን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አፈረች፤ ከኀፍረቱ ደግሞ ሐዘኑ ባሰባት። የነጋዴውን ሚዛን፣ የጎረቤቱን የጥርስ ብሩሽ ሳይቀር ማንነቱን ለማወቅ ስትጓጓ ከርማለች። ከገዛ አባቷ ጋር ግን አንድ ቤት ውስጥ እየኖረች፣ ቀኑን እንዴት እንደዋሉ ጠይቃቸው አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ ብላ የደመደመችው ራሷ ናት፤ ማንም አልነገራትም። ተመልሳ ልትሄድ አሰበች፤ እግሯ ግን እምቢ አላት። ሰሌዳዋን አጥፍታ ኪሷ ከተተችና ከጥጉ ወጣች።

መጀመሪያ ያያት ጋሽ ቀለም ነው። እንደ ሰረቀ ልጅ እጁን ወደ ጆሮው ልኮ ሽቦውን ሊያወጣ ተጣደፈ።

"ይተዉት ጋሼ" አለች። "ጆሮዎ ላይ ይሁን።"

"የአባትሽ ነው እኮ ልጄ..."

"አውቃለሁ። ይተዉት። ለሐኪሟ እኔ እነግራታለሁ፣ ለእርስዎም መላ ይፈለጋል። ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።"

በሁለቱ መካከል ተቀመጠች። አባቷ መስሚያውን ከነጭራሹ ረስተውታል። ዓይናቸው ቱታዋ ላይ፣ እጇ ላይ፣ ፊቷ ላይ ይንከራተታል።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም አባዬ።"

"ባልሽ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ከሥራ አባረሩሽ?"

"መብራት ጠፍቶ ነው በጊዜ የገባሁት። ምንም የሆነ ነገር የለም።"

"እና ምን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?"

"ምንም። አብሬያችሁ ልቀመጥ ነው።"

አባቷ በእሷ አናት ላይ ወደ ጋሽ ቀለም ዘንበል አሉና፣ ሹክ ያሉ መስሏቸው ግቢው እስኪሰማ ድረስ "አንድ ነገር ደብቃኛለች" አሉ።

ብሎን ልትስቅ ፈለገች፤ አልወጣላትም። እጃቸውን ያዘችና በሚሰማው ጆሮአቸው በኩል ጠጋ ብላ "የአለቃው ኮፍያ እንዴት ነው ማሽን ውስጥ የገባው?" አለቻቸው። አባቷ እያመነቱ ጀመሩ። ጋሽ ቀለም እየደረበ ያርማቸዋል፤ እሷ ያልገባትን ትጠይቃለች፤ ከኮፍያው ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ እሷ ወዳልተወለደችበት ዘመን ተሻገሩ። ጥላው ረዝሞ እግራቸው ሥር እስኪደርስ ድረስ ሦስቱም ከዚያች ወንበር አልተነሱም። አባቷ ግን ወሬውን ባጋመሱ ቁጥር ቆም እያሉ ፊቷን ያያሉ፤ መርዶውን እስክትነግራቸው እየጠበቁ ነበር።